የሚጠሉትን ቡድን ካናቴራ የገዙ ሰዎች

የሬስሊንግ ነገር ሲነሣ «ውሸት እኮ ነው!» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። የተመልካቹ ቁጣ ግን ውሸት አይደለም። ይህን የተረዳሁት እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1996 በፍሎሪዳ፣ በዴይቶና ቢች ከተማ የተቀረጸውን ፊልም ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮት ሆልና ኬቪን ናሽ የተባሉ ሁለት ግዙፋን ከደብሊው ደብሊው ኤፍ ወጥተው ወደ ባላንጣው ኩባንያ ወደ ደብሊው ሲ ደብሊው መጡ። ለሕዝብ የቀረቡት ግን እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ወራሪ ነበር። በዚያ ምሽት ሦስተኛ ጓዳቸው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ወደ ፍጻሜው ገደማ ሐልክ ሆጋን ብቅ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልጆችን ጸሎት አድርሱ፣ ቫይታሚን ውሰዱ እያለ ሲመክር የኖረው ቢጫና ቀይ ለባሹ ጀግና ነው። ሕዝቡ ለእርዳታ የመጣ መስሎት በደስታ ጮኸ። እርሱ ግን በተዘረረው በራንዲ ሳቬጅ ላይ ዘሎ እግሩን ጣለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚገርመኝ። ኩባያው፣ ጠርሙሱ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህለው ቆሻሻ ሁሉ ወደ ሪንጉ ዘነበ። አንድ ተመልካች ገመዱን ዘልሎ ገብቶ ተደበደበ። ሆጋንም ማይክሮፎን ይዞ፣ ቡድናቸው «አዲሱ የዓለም ሥርዓት» እንደሚባል አወጀና በዙሪያው የተከመረውን ቆሻሻ እያሳየ «ይህ እናንተን ነው የሚመስለው» የሚል ስድብ ለተመልካቹ ወረወረለት።

ታዲያ በጥቂት ወራት ውስጥ አዳራሾቹ የቡድኑን ጥቁር ካናቴራ በለበሱ ሰዎች ተሞሉ! ከፊሉ ደጋፊ ሆጋን ከዳን ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ ያ ምክር አሰልችቶን ነበር፣ ከ1996 በፊትም እንጮኽበት ነበር ይላል። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። አንድ ሰው ዛሬ ጠርሙስ ወርውሮ ነገ ካናቴራ ሊገዛ ይችላል። ጥላቻውም ፍቅሩም ትኬት ያስቆርጠዋልና፣ ደብሊው ሲ ደብሊው በሰኞ ምሽት የተመልካች ብዛት ባላንጣውን 83 ሳምንት በተከታታይ በለጠ።

የተጠላ ቡድን ግን አንድ ዕዳ አለበት፤ በመጨረሻ መቀጣት አለበት። ስቲንግ የተባለው ታጋይ ፊቱን ነጭና ጥቁር ተቀብቶ ከአዳራሽ ጣሪያ ሥር ቁልቁል እያየ፣ ሳይታገል ከዓመት በላይ ቆየ። ሕዝቡም ዲሴምበር 28 ቀን 1997ን ጠበቀ። በዚያ ምሽት ዳኛው ለሆጋን አድልቶ አፍጥኖ እንዲቆጥር ታቅዶ ሳለ እንደ ወትሮው ቆጠረ። ብሬት ሃርት አድልዎ ተፈጸመ ብሎ ግጥሚያው እንደገና ቢጀመርና ስቲንግ ቢያሸንፍም፣ ሰው ያየው ጀግናው በትክክል ሲሸነፍ ነው። ለእኔ የውድቀቱ መነሻ ይህ ነው።

ብዙዎች ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 1999ን ይጠቅሳሉ። በአትላንታ ጆርጂያ ዶም የገባው ሕዝብ ጎልድበርግ ናሽን ሲበቀል ለማየት ነበር። በምትኩ ሆጋን በአንድ ጣቱ የናሽን ደረት ነካ፤ ናሽም እንደ ተመታ ሰው ወድቆ ዋንጫውን አስረከበ፤ ቡድኑም ተቃቅፎ ሳቀ። በዚያው ምሽት የስርጭቱ ተናጋሪ በሌላው ጣቢያ ሚክ ፎሊ ሻምፒዮን እንደሚሆን በፌዝ ሲናገር፣ ብዙ ተመልካች ወዲያው ጣቢያ ቀየረ።

በማርች 2001 ኩባንያው ለባላንጣው ተሸጠ። አንዳንዱ ደጋፊ ጥፋተኞቹ ፕሮግራሙን ከጣቢያቸው ያወጡት አዲሶቹ የቴሌቪዥን አለቆች ናቸው ይላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ሰው እንደ ቀድሞው ቢመለከት ኖሮ እንዲያ በቀላሉ ባልደፈሩ!

ሆጋን በ2015 ዘረኛ ንግግሩ ወጥቶ ተባረረ፤ በ2018 ተመለሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ እየጮኸ አዋረደው። ከሰባት ወር ላልበለጠ ጊዜ ኖሮ ጁላይ 24 ቀን ሞተ። የዴይቶና ቢቹ ጩኸት ደራሲ ነበረው፤ ለዚህኛው ግን ማንም አልጻፈለትም።