ውኃ በሚያጥርበት ዋግ ኽምራ የእጅ ንጽህና

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር በጋው እየገፋ ሲሄድ ውኃ በጀሪካን የሚለካ ሀብት ይኾናል። ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከሳህላ ቆላማ ቀበሌዎች ጀምሮ እስከ ደሃናና ጋዝጊብላ ደጋ ድረስ የዝናቡ ወቅት አጭር ነው፤ ምንጮች ይነጥፋሉ፤ ሴቶችና ልጃገረዶች ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አዝለው ወይም በአህያ ጭነው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። እንዲህ ተደክሞበት ቤት የገባ ውኃ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥ፣ ለጥጃና ለግልገል ይከፋፈላል። ለእጅ የሚደርሰው ከዚህ የተረፈው ነው። በዚህ አካባቢ ስለ እጅ ንጽህና የሚሰጥ ምክር ከዚሁ ክፍፍል ካልተነሣ ሰሚ አያገኝም።

በሽታና ውኃ የሚገናኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የተበከለ ውኃ በመጠጣት ሲኾን ኮሌራና ታይፎይድ ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ውኃው ንጹሕ ቢኾንም እንኳ በማነሱ ሰው እጁን፣ ፊቱንና ልብሱን እንደሚገባ ስለማይታጠብ የሚስፋፋው ነው። ይህን ልዩነት አጉልተው ያሳዩት ጊልበርት ዋይት፣ ዴቪድ ብራድሌይና አን ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በምሥራቅ አፍሪካ አጥንተው እ.ኤ.አ በ1972 ባሳተሙት ሥራ ነበር። እከክና ትራኮማ ከሁለተኛው ወገን ይመደባሉ፤ የሕጻናት ተቅማጥ በሁለቱም መንገድ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በበርካታ ወረዳዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተስፋፍቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መያዙ፣ የውኃ እጥረት ከጥማት በላይ ምን እንደሚያስከትል ያመለከተ ነበር።

ተቅማጥን የሚያመጡ ጀርሞች አብዛኞቹ ከዐይነ ምድር ወደ አፍ የሚደርሱት በእጅ፣ በምግብ፣ በዝንብና በውኃ አማካይነት ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላና በሕጻናት ላይ የሚበረታው ሮታ ቫይረስ፣ ለማሳመም እጅግ ጥቂት መጠን ይበቃቸዋል፤ በጥፍር ሥር የማይታይ ቅሪት በቂ ነው። ውኃ ብቻውን የእጅን ወዝ አያነሣም፤ ጀርሙ ደግሞ ከወዙ ጋር ይጣበቃል። ሳሙና ወዙን ከቆዳ ያላቅቃል፣ መፋተጉ ያነሣዋል፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል። በተለያዩ አገራት የተካሄዱ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች፣ እጅን በሳሙና የመታጠብ ልማድ ማስፋፋት ተቅማጥን በ30 በመቶ ገደማ፣ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንን ደግሞ በ17 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያሉ።

እጅ መታጠብ ለኢትዮጵያዊ ቤት እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ከማዕድ በፊት ታናሽ ተነሥቶ ኩስኩስትና ማስታጠቢያ ይዞ ታላላቆችን ያስታጥባል፤ እንግዳን ሳያስታጥቡ ማዕድ ማቅረብ ነውር ነው። ጉድለቱ ያለው ከልማዱ ውስጥ ነው። ከመብላት በፊት የሚፈስሰው ውኃ ብዙ ጊዜ ያለ ሳሙና ነው፤ ሳሙናው የሚመጣው ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ማለት ይቻላል። ጉርሻ በሚሰጥበት አገር ደግሞ የአንዱ እጅ የሌላውም ሆድ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያወጡት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ በ2020 በኢትዮጵያ ሳሙናና ውኃ የተሟላለት የእጅ መታጠቢያ በቤቱ ያለው ሰው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

የጤና ባለሙያዎች እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት የሚሏቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የሕጻን ዐይነ ምድር ከተጸዳ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት፣ ሕጻን ከመመገብና ከመብላት በፊት። ለአርሶ አደር ቤተሰብ እበት ከዛቁ፣ ፍየል ወይም ላም ካዋለዱ በኋላ እንዲሁም ከማለብ በፊት የሚለው ይጨመራል። ውኃው ለሁሉም የማይበቃበት ቀን ግን ይኖራል። በዚያን ቀን መቅደም ያለባቸው ሁለቱ ናቸው፤ ከዐይነ ምድር ንክኪ በኋላ ያለውና ሕጻን ከመመገብ በፊት ያለው። የሕጻናት ዐይነ ምድር ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአዋቂው ይልቅ በሽታ አምጪ ጀርም የሚበዛው በእርሱ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ነገር፣ በአባ ሰንጋ ሞቷል ተብሎ የሚጠረጠር ከብትን በተመለከተ እጅ መታጠብ መተማመኛ አለመኾኑ ነው። እንዲህ ያለው ከብት አይነካም፣ አይታረድም፣ ቆዳው አይገፈፍም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል።

በውኃ እጥረት ከሚስፋፉት በሽታዎች ዋግ ኽምራን በዓለም አቀፍ ጥናት ያስጠቀሰው ትራኮማ ነው። አማራ ክልል በሽታው በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ባክቴሪያው ከሕጻን ዐይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ በእጅ፣ በዝንብና ብዙ ልጆች በሚጠረጉበት አንድ የነጠላ ጫፍ ይተላለፋል፤ ደጋግሞ ሲይዝ የዐይን ቆብን ጠባሳ አድርጎ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ መጨረሻው ዕውርነት ሊኾን ይችላል። ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለብዙ ዓመታት በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሽታው ስለሚመለስ፣ ውኃና ንጽህና ብቻቸውን ምን ያህል ሊገቱት እንደሚችሉ መለካት አስፈለገ።

ልኬቱ የተካሄደው በሰቆጣ ከተማ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ከካርተር ሴንተርና በሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች 40 አካባቢዎችን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በግማሾቹ የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ለየቤቱ መታጠቢያና ሳሙና ታደለ፣ በትምህርት ቤት ትምህርት ተሰጠ፣ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞሩ። ሌሎቹ በነበሩበት ቆይተው ጥናቱ ሲያበቃ ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። እ.ኤ.አ በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት ብዙዎች የጠበቁት አልነበረም፤ በሦስት ዓመታት ውስጥ በሕጻናት ዐይን ላይ በተገኘው የትራኮማ ባክቴሪያ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይህ ውጤት መታጠብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ጥናቱ በዋናነት የለካው ትራኮማን እንጂ ተቅማጥን አይደለም። የሚያስረዳው በሽታው እጅግ በተስፋፋበት አካባቢ ንጽህና የመድኃኒቱን ቦታ እንደማይተካ ነው። ፊቱን የታጠበ ልጅ ከሰዓታት በኋላ ከወንድሙ ጋር በአንድ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ዝንቡም አልጠፋም። ስለዚህ ዕደላው ሲመጣ ታጥበናልና አያስፈልገንም ብሎ መቅረት አደገኛ ነው።

የሰቆጣ ስም ከሕጻናት ጤና ጋር የተያያዘበት ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በኾኑ ሕጻናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከኾኑ የአገሪቱ ሕጻናት 38 በመቶዎቹ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ቃል ኪዳኑ ግብርናን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ውኃን በአንድነት የያዘው፣ ደጋግሞ የሚያስቀምጠው ሕጻን የበላው ስለማይረጋለትና የምግብ ፍላጎቱም ስለሚጠፋ ነው። ምግብ ብቻውን አልበቃም፤ መታጠብም ብቻውን አይበቃም።

በጥቂት ውኃ መታጠብ ግን ይቻላል። ሃይላንድ በሚባለው የውኃ ፕላስቲክ ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ወይም ትንሽ ጀሪካን በገመድ አንጠልጥሎ፣ ውኃው እየቀጠነ እንዲወርድ ማድረግ በጣሳ ከመድፋት እጅግ ይቆጥባል። እጅ ይርጠብ፤ ውኃው ይቁም፤ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐልና ጥፍር ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታሹ፤ ከዚያ ይለቅለቁ። ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ሳህን ውኃ መንከር አይመከርም፤ የመጨረሻው ሰው የሁሉንም እድፍ ይካፈላል። ለመጠጥ ያልበቃ ውኃም ሳሙና ካለ ለእጅ ያገለግላል። ደረቅ ሳሙና ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ጥቂት የዱቄት ሳሙና በአንድ ሃይላንድ ውኃ በጥብጦ መታጠቢያው አጠገብ ሊያኖር ይችላል። ሳሙና ጭራሽ ከሌለ ንጹሕ አመድ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ የሳሙናን ያህል ግን አልተረጋገጠለትም።

በጤና ተቋም ጉዳዩ ይከብዳል፤ እጅ የሚሸከመው ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ነው። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 እ.ኤ.አ በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞች ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ካደረገ በኋላ፣ በሚያዝያ ከ18 በመቶ በላይ የነበረው የወላዶች ሞት በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህ ሥራ በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ኾነ በቀበሌ ጤና ኬላ ያው ነው። ባለሙያው ታማሚን ከመንካቱ በፊትና በኋላ እጁን ያጸዳል፤ ጓንት መልበሱ ይህን አይተካም፤ በአልኮል ማሸትም በሚታይ ቆሻሻ ላይ አይሠራም። አስታማሚም ባለሙያው መታጠቡን ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየከተማው በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ ባለ ቧንቧ በርሜሎች ቆመው ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ ባዶ ናቸው ወይም ተነሥተዋል። ዕቃው ሳይጠፋ የሚሞላው ሰው ጠፋ። በቤትም እንዲሁ ነው፤ የተንጠለጠለው ሃይላንድ ውኃ የሚኖረው ማለዳ ማን እንደሚሞላው አስቀድሞ ሲወሰን ነው፤ ሥራው ውኃ ለምትቀዳው ሴት ብቻ ከተተወ ደግሞ በሳምንቱ ደርቆ ይገኛል።