ይጠፋል የተባለው ሳጥን

ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሌይስቴሽን 2ን ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበ ጊዜ አንድ እንግዳ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠርቶ ነበር። ማስታወቂያው የሚያሳየው ለሽያጭ የቀረበውን ዕቃ ሳይሆን በ2078 ይወጣል የተባለለትን «ፕሌይስቴሽን 9»ን ነው። በዚያ ምናባዊ ዘመን ሽቦ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም፤ ጆይስቲክም የለም። ከአንዲት ድቡልቡል ነገር የሚወጣ የኤሌክትሮኒክስ ብናኝ ወደ ተጫዋቹ ሰውነት ይዘልቅና ጨዋታው እዚያው በሰውየው ውስጥ ይካሄዳል። ለቀልድ የተሠራ ቢመስልም እኔ እንደ ታሪክ ሰነድ ነው የማየው፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ማሽን መጪ መልክ የተነበዩ ሰዎች ሲመኙት የኖሩትን ነገር በአጭሩ ይነግረናልና። ምኞቱ ሳጥኑ እንዲጠፋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑ ራሱ ሲወለድ ትንቢት ነበር። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባው መሐንዲስ ራልፍ ቤር በ1966 ስለ ቴሌቪዥን አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ይህ ዕቃ ጣቢያው የላከለትን ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ የለውምን? ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው «ቡናማው ሳጥን» በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሲ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ድምፅ አልነበረውም። ቀለምም ስላልነበረው ባለቤቱ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እየለጠፈ ይጫወት ነበር።

ከዚያ 11 ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1983፣ ጌምላይን የተባለ አገልግሎት ለአታሪ 2600 ባለቤቶች ጨዋታን በስልክ መስመር ማከራየት ጀመረ። የወረደው ጨዋታ ጥቂት ዙር ካገለገለ በኋላ ይጠፋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ ሲንኮታኮት አገልግሎቱም አብሮ ወደቀ። (የኩባንያው ቅሪት ኋላ ላይ አሜሪካ ኦንላይን ሆኖ ዓለም አውቆታል።) ሴጋም በ1994 በኬብል ቴሌቪዥን በኩል በወር ክፍያ ጨዋታ ወደየቤቱ መላክ ጀመረ፤ ማሽኑ ሲዘጋ ጨዋታውም ከውስጡ ይጠፋ ነበር። በ1998 ቆመ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ግን በጃፓን የሆነው ነው። ኔንቴንዶ በ1995 ሳቴላቪው የተባለ፣ ከሱፐር ፋሚኮም ሥር የሚቀመጥና ጨዋታን ከሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ አወጣ። አንዳንዶቹ ጨዋታዎች እንደ ሬዲዮ ድራማ የተወሰነ ሰዓት ነበራቸው። ተጫዋቹ በሰዓቱ ማሽኑን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ተዋንያን በሳተላይት በሚመጣ ድምፅ ታሪኩን እየተረኩለት ይጫወታል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። ከዝነኛው ዜልዳ ጨዋታ አንዱ ለሕዝብ የደረሰው በዚህ መልክ ነበር። ሥርጭቱ በ2000 ተቋረጠ። ዛሬ የነገሩ ወዳጆች ከአሮጌ የማከማቻ ካርዶች ላይ ፍርስራሹን እየለቀሙ ይጠግናሉ፤ የተዋንያኑ ድምፅ ግን በካርዱ ላይ አልተቀመጠም። የተረፈው ያኔ አንዳንድ ሰው ቤቱ ሆኖ በቪዲዮ ካሴት የቀዳው ብቻ ነው። ግጥም ጽፎ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ሐዘን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም።

በእኛ ዘመን ይኸው ምኞት ጉግል ስታዲያ ተብሎ በኖቬምበር 2019 ተመልሶ መጣ። ጨዋታው የሚሠራው ሩቅ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ወደ ቤት የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ችግሩ አንድ ጨዋታ በሴኮንድ 60 ምስል ሲያሳይ ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ ገደማ መሆኑ ነው። ጣት የተጫነው ቁልፍ ሩቅ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ኳሷ አልፋለች። ስታዲያ በጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ተዘጋ፤ ኩባንያው ለጨዋታዎቹ የተከፈለውን ገንዘብ መለሰ።

እንግዲህ ሳጥኑ ትንቢቱን ሁሉ አልፎ እዚሁ አለ። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ እንደማያጫውት፣ ያገለገለ ዲስክ መሸጥም ገደብ እንደሚኖረው ሲያስታውቅ ሕዝቡ ጮኸና በሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን አነሣ። በ2020 ግን ፕሌይስቴሽን 5 ያለዲስክ ማጫወቻም ለገበያ ቀረበ፤ ማንም አልጮኸም ማለት ይቻላል። በ2025 ለወጣው ስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ጨዋታው በውስጣቸው የለም፤ ያለው ጨዋታውን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል ፈቃድ ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ደብተር ገንዘብ አለመሆኑን ለደንበኛ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ነገር ግን የእኛ ደንበኛ ቅርንጫፉ ቢዘጋ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ ያወጣል። የኔንቴንዶ የዊ መደብር በ2019 ሲዘጋ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጨዋታዎች የሚገዙበት ሌላ መስኮት አልተከፈተላቸውም።

ስለዚህ የእኔ ግምት ከሶኒ ማስታወቂያ ይለያል። ሳጥኑ ይቀራል፤ ምናልባት ያንሳል፣ ምናልባት እንደ ስዊች ከቴሌቪዥኑ ተነቅሎ በእጅ ይያዛል። ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ለጎረቤት የሚያውሱት ነገር አይኖረውም።

ይህ የሚያሳስበኝ ያለምክንያት አይደለም። የማሽን ባለቤት ሆኜ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 ነበሩ፤ በጨዋታ እየከፈልን፣ በአግዳሚው ላይ ተጠጋግተን፣ «ተሸናፊ ይነሣ!» እየተባባልን አደግን። ሲዲው ሲንገራገጭ ጋሼ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል። (ከየት እንደተቀዳ አትጠይቁኝ።) ሶኒ ያን ማሽን በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ ሸጧል፤ የእኛዎቹ ሁለቱ ግን አንድ ሙሉ ሰፈር አሳድገዋል።

ቤቷ ከፈረሰች ቆይታለች። ከዚያ የቀረችኝ አንዲት 8 ሜጋባይት ሚሞሪ ካርድ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ማሽን እንዳለው ሰምቼ ይዣት ሄድኩና ሰካኋት። ያቋቋምኩት ቡድን፣ አጥቂው የእኔ ስም የተጻፈበት፣ በሊጉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ አራት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ተቀምጠን ሁለቱን ተጫወትን፤ አንዱን ተሸነፍን።