የአነስተኛ ገበሬ ብድርና የመኸር ገበያ

እንደሚታወቀው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ገበሬው ገንዘብ የሚቸግረው በክረምት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቀው፣ ዘርና ማዳበሪያም የሚፈለገው በዚሁ ወራት ነው። ገንዘብ የሚያገኘው ደግሞ አዝመራው ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ብድር ነው። ስለዚህ የገጠር ብድር ታሪክ ሲመረመር፣ ማን አበደረ ከሚለው ይልቅ ዕዳው መቼና በምን ዋጋ ተከፈለ የሚለው ጥያቄ የገበሬውን ኑሮ ይበልጥ ይገልጠዋል።

በቀድሞው ዘመን ገበሬው የሚሄደው ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ነጋዴው ወይም ወደ አራጣ አበዳሪው ነበር። ርስት ያለው ደግሞ መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥ ነበር። በዚህ ሥርዓት አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለወለድ አገድ ስፍራ ሰጥቶታል። የሚያስይዘው ርስት ለሌለው ጭሰኛ ግን ይህ በር እንኳ ዝግ ነበር።

በመንግሥት በኩል ሰፊ ሙከራ የተደረገው በአርሲ ክፍለ ሀገር ነው። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማእከሉን አሰላ ላይ አድርጎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ማደል ጀመረ። ድርጅቱ ስንዴውን ራሱ እየገዛ የመኸሩን ገበያ ለማረጋጋት መሞከሩ ከዱቤው ያልተናነሰ ቁም ነገር ነበረው። ተበዳሪዎቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከጥቂት መቶዎች ወደ ብዙ ሺዎች ደረሱ። ይሁን እንጂ ምርቱ ሲያድግ የመሬቱም ዋጋ አደገ። ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ በራሳቸው ማረስን መረጡ፤ ከዚህም የተነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞች ተነቀሉ። ለጭሰኛው የታሰበው ዱቤ፣ የመሬት ዋስትና በሌለበት፣ ጭሰኛውን ለማስወጣት ምክንያት እስከ መሆን ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። መሬትን መሸጥን፣ በመያዣና በወለድ አገድ መስጠትንም ከለከለ። ገበሬው መሬቱን በዕዳ ከማጣት ዳነ፤ ነገር ግን ለባንክ የሚያስይዘው ነገር አጣ። የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ገንዘብ በአብዛኛው ለመንግሥት እርሻዎችና ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዋለ። በግሉ የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ፣ ሥርዓቱ በ1982 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ፣ ከምርቱ የተወሰነውን በኮታ፣ ከገበያ ባነሰ ዋጋ፣ ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር በክልል መንግሥታት ዋስትና መስጠት ጀመሩ። በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የተቋቋሙት የአነስተኛ ብድር ተቋማትም በመያዣ ፈንታ የቡድን ዋስትናን ተቀበሉ። የበቆሎ ምርት ጨመረ። ይሁንና በ1994 ዓ.ም. ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ብድሩ የሚሰበሰበው እህሉ እጅግ በረከሰበት ወቅት በመሆኑ፣ ገበሬው ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ከወትሮው ብዙ ኩንታል መሸጥ ግድ ሆነበት፤ እህሉ ያልበቃውም ከብቱን ሸጠ። በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያ የሚወስደው ቀነሰ፤ ዝናቡም አጠረ። በ1995 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የእህል እርዳታ የሚሻ ሆነ። ጥጋብ ያመጣው ዕዳ በድርቅ ላይ ተደረበ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ነገሩ በአዲስ መልክ ወደ መያዣ ተመለሰ ማለት ነው። መያዣ ብድርን ያስገኛል፤ የመኸርን ዋጋ ግን አያስተካክልም። የመክፈያው ቀን እስከ ግንቦትና ሰኔ ካልተራዘመ፣ እህሉን ጠብቆ የሚያቆይ መጋዘን በቅርብ ካልተሠራ፣ አዝመራው ሲጠፋ የሚክስ መድን ካልተገኘ፣ ጥሩ ዝናብ የጣለበት ዓመትም ገበሬውን ባለዕዳ ሊያደርገው ይችላል። የጭላሎው ጭሰኛና የ1994ቱ የበቆሎ ገበሬ ያለፉበት መከራ ለዛሬው የብድር መመሪያ አዘጋጅ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።