«ግሬቭ»፦ ከወንዝ ዳርቻ እስከ አድማ

«ግሬቭ» የተሰኘው የፈረንሳይኛ ቃል በጥንተ ትርጉሙ አሸዋማና ጠጠራማ የውሃ ዳርቻ ማለት ነው። በፓሪስ ከተማ ከሴን ወንዝ ዳር የነበረው የግሬቭ አደባባይ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ነው። አደባባዩ የጭነት ማራገፊያ፣ የሞት ፍርድ መፈጸሚያ፣ ሥራ ያጡ ወዛደሮችም ቀጣሪ የሚጠባበቁበት ሥፍራ ነበር። ስለዚህ «ግሬቭ ላይ መዋል» በመጀመሪያ ሥራ ፈልጎ መቆምን ያመለክት ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን ሠራተኞች ለተሻለ ደመወዝ በኅብረት ሥራ ማቆማቸው እየተጠናከረ ሲሄድ ቃሉ አድማ የሚል ፍች ያዘ። በ1791 እ.ኤ.አ. በሕግ የተከለከለው አድማ በ1864 ከወንጀልነት ወጣ፤ በ1946 ሕገ መንግሥት ደግሞ መብትነቱ ታወቀ።

ዛሬም ቃሉ ሁለቱንም ፍች፣ ዳርቻንና አድማን፣ እንደያዘ ይኖራል። የሥራ አጥነት መጠሪያ የነበረው ቃል የኅብረት ኃይል ስም ለመሆን የበቃው በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብልሃት ሳይሆን በሠራተኞች ትግል ነው።