ጄት (የጃፓን የልውውጥና የማስተማር መርሐ ግብር)

ጄት እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ፣ የውጭ አገር ምሩቃንን በጃፓን ትምህርት ቤቶችና የአካባቢ መስተዳድሮች የሚያሠራ የመንግሥት መርሐ ግብር ነው። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ረዳት የቋንቋ መምህራን ሲሆኑ፣ ክፍል የሚገቡት ከጃፓናዊ መምህር ጋር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ የማስተማር ልምድ ግን ግዴታ አይደለም። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ እስከ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል።

ብዙዎቹ የሚመደቡት ከቶኪዮ ርቀው በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ነው። የመርሐ ግብሩ ትልቁ ፍሬም የሚታየው እዚያ ነው፤ የውጭ ዜጋ እምብዛም በማይታይበት መንደር መምህሩ የሁሉም እንግዳ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ከመግቢያው ይጀምራል። የውጭ ጫማ በቤት ውስጥ ጫማ ይቀየራል። በአንደኛ ደረጃ ምሳ የሚበላው በመማሪያ ክፍል ነው፤ ምግቡን የሚያድሉትም ነጭ ሽርጥ ያደረጉ ተራኛ ልጆች ናቸው። መማሪያ ክፍሉንና ኮሪደሩን የሚያጸዱትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። መምህሩ መጥረጊያ ይዞ አብሯቸው ሲሠራ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ትንፍሽ የማይለው ልጅ ሳይቀር ያወራዋል።

ኑሮው የሚከብደው በብርዱ ወራት ነው። በብዙ ቤቶች ማዕከላዊ ማሞቂያ ስለሌለ የላምባ ማሞቂያ የተለመደ ነው።

ለጉዞ ከርካሾቹ አማራጮች አንዱ የሌሊት አውቶቡስ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ «ሴይሹን 18» የተባለው የባቡር ትኬት ይሸጣል። ስሙ ዕድሜ ቢጠቅስም ማንኛውም ሰው ሊገዛው ይችላል፤ በሺንካንሰን ፈጣን ባቡር ግን አያሳፍርም። በየጣቢያው በሚቆሙት ባቡሮች ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል።