የዱር እሳት

ብራዚሎች «ፎጎ ሰልቫዤም» የሚሉት በሽታ አለ። የዱር እሳት ማለት ነው። ሕመሙ ከራስና ከፊት ይጀምርና ወደ ደረትና ጀርባ ይወርዳል። ቆዳው ስስ ውሃ ይቋጥራል፣ ወዲያው ይፈነዳል፣ ይላጣል፤ ፀሐይ ሲነካውማ ይብስበታል። ሕመምተኛውን የሚለበልበው ነገር ትኩሳት ይሁን ቃጠሎ ለመለየት ያስቸግራል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

በሐኪሞቹ ቋንቋ «ፔምፊገስ ፎሊያሺየስ» ይባላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆዳውን የሚወጋበት ሕመም ነው። የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት እንደ ሙጫ የሚያያይዝ ዴስሞግሌን 1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ መከላከያው እሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። መቼም እንዲህ ያለ በሽታ በሌላው ዓለም ብርቅ ነው። እዚህም እዚያም አንዳንድ ሰው ላይ ብቅ ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መንደር መርጦ አይሰፍርም። የብራዚሉ ግን ሰፈረ። ወጣቱንና ሕፃኑን ያዘ፤ ባንድ ጎጆ ወንድምና እህትን ደረበ። የሚያጠቃውም ወንዝ ዳር፣ አዲስ በተመነጠረ መሬት ላይ፣ በጭቃና በሣር ቤት የሚኖረውን ገበሬ ነው።

ባንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም ጎረቤት ምን እንደሚል ለአንባቢ መንገር አያሻም። «ይጋባል» ተባለ። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ግን ማን ሰምቶ! ሕመምተኞቹ ተገለሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 በኡቤራባ ከተማ አፓሬሲዳ ኮንሴይሳዎ ፌሬይራ የሚባሉ ነርስ ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታል እነዚህን ሕመምተኞች ሲያሰናብት፣ እሳቸው ተከትለዋቸው ወጡ። ምጽዋት እየለመኑ አስታመሟቸው፤ ውሎ አድሮም በበሽታው ስም የሚጠራ ሆስፒታል አቋቋሙ። በካምፖ ግራንዴም አድቬንቲስቶች ያቆሙት ሌላ «የፔምፊገስ ሆስፒታል» ነበር። ለአንድ የቆዳ በሽታ ለብቻው ሆስፒታል መሥራት የበሽታውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የመገለሉንም ልክ ያሳያል።

ኮርቲሶንና ዘመዶቹ በ1950ዎቹ እስኪመጡ ድረስ ብዙው ሕመምተኛ ይሞት ነበር። ከዚያ በኋላ አብዛኛው መዳን ቻለ። ይሁንና መድኃኒቱም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። አንጀቱ ውስጥ ትል ያለበት ድሃ ገበሬ መድኃኒቱን ሲጀምር ትሉ ተባዝቶ ሊገድለው ስለሚችል፣ ሐኪሞቹ አስቀድመው ትሉን ያክማሉ።

ገራሚው ነገር ግን የበሽታው ጉዞ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሳኦ ፓውሎ ግዛት ገጠር ዋና መናኸሪያው ነበር። ደኑ ተመንጥሮ እርሻው ሲደላደል፣ ጭቃ ቤቱ በጡብ ሲተካ፣ እዚያ እየመነመነ ሄደ። መሬት ፈላጊው ወደ ምዕራብ ሲገፋ በሽታውም በጎያስና በማቶ ግሮሶ ተከተለው። ጀርም ያልተገኘበት በሽታ እንዲህ ከመንጣሪ ጋር ሲሰደድ፣ ጥርጣሬው ደም መጣጭ ነፍሳት ላይ ወደቀ።

መልሱን ፍለጋ ተመራማሪዎች ሊማዎ ቬርዴ ወደሚባል የቴሬና ነባር ሕዝቦች መንደር ሄዱ። እዚያ ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉ ታሞ ተገኘ። በ2000 የወጣው ጥናት ደግሞ ጉድ አሳየ፤ ከተመረመሩት 93 ጤነኞች 55 በመቶው ዴስሞግሌን 1ን የሚያጠቃው አንቲቦዲ በደማቸው ነበር። ከመንደሩ ሲራቅ ቁጥሩ ይቀንሳል። የታመሙትም አንዳንዶቹ ገና ሳይታመሙ ከዓመታት በፊት አንቲቦዲው ነበራቸው።

በ2012 ደግሞ ይኸው አንቲቦዲ በአሸዋ ዝንብ ምራቅ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲንንም እንደሚይዝ ታወቀ። የአሸዋ ዝንብ ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ በደጋው ቁንጭርን፣ በሁመራና በመተማ ካላዛርን የምታስተላልፈው ዘመዷ ናት። በብራዚሉ እሳት ግን የተጠረጠረችው ጀርም በማዛመት አይደለም፤ በባዶ ምራቋ ነው። በነከሰች ቁጥር ሰውነት ምራቁን ለመዋጋት ይነሳል፤ ለዚያ የሠራው መሣሪያ ቆዳውንም ያገኘዋል። ከተነከሱት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ የሚታመሙት አንዳንድ ዓይነት የዘር ውርስ ያላቸው ይበልጥ ስለሚጋለጡ ነው። ወንድምና እህትን ባንድ ጎጆ ያስተኛቸው ምስጢርም ይኸው ነው፤ ደማቸውም ጣራቸውም አንድ ነበር።