ዓሣው ወንዝ ሲወጣ

አንገረብና ቀሃ ጎንደርን ግራና ቀኝ አቅፈው ይወርዱና ከመገጭ ይቀላቀላሉ፤ መገጭም ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። በክረምት ውሃው ደፍርሶ ሲሞላ ከሐይቁ ነጭ ዓሣ ብዙው በተቃራኒው ሽቅብ ይወጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ፣ የሚወርድ ውሃ ባለበት ነው። በጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ጥናት፣ ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት በ75 በመቶ፣ ጫጩቶቻቸው ደግሞ በ90 በመቶ መመናመናቸውን አሳይቷል። ይህ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው በሞተር ጀልባ ላይ ነው፤ ታንኳ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ሁለቱ የማጥመጃ መንገዶች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ክሱ ግማሽ እውነት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ታንኳ ገደቡን ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ይሠራል፤ ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም። በዚህ ዕቃ መሀል ሐይቅ ገብቶ መዋል ከባድ ነው። የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆኑት ወይጦዎች በታንኳቸው የኖሩት ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ ሲመጣ ይህ ገደብ ተነሳ፤ በጀልባዎቹ የሚጠመደው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ።

እስከዚህ ድረስ ክሱ ልክ ነው። ግን የወንዙ ዳር ሰው ታንኳም ሞተርም የማይፈልግ ሌላ ዘዴ ነበረው፦ ብርብራ። የዛፉ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ በእጅ ይለቀማል። የሚወልድ ዓሣ በአንድ ጠባብ ገንዳ ውስጥ በተሰበሰበበት ሰሞን አንድ ቁና ብርብራ ከብዙ መረብ ሊከፋ ይችላል። የሚያጠፋው እንግዲህ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ወሩና ቦታውም ጭምር ናቸው።

ብርብራ የጥንት ከሆነ ጥፋቱ ለምን አሁን ገነነ የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ገበያው ይመስለኛል። ድሮ የተለቀመው ዓሣ ከዚያው መንደር አይወጣም ነበር። ገበያው ባሕር ዳርንና አዲስ አበባን ሲያዳርስ የወንዝ አፍ እንደ ጎተራ ተቆጠረ፤ መረቡም በዚያው ሰሞን እዚያው ተዘረጋ። ሌሎች ደግሞ ከደጋው የሚታጠበውን አፈርና የአሸዋ ቁፋሮን ያነሳሉ። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን መውለጃ እንደሚጠፋ አልክድም። ሆኖም አፈሩ ከደጋው መታጠብ የጀመረው ትናንት አይደለም፤ የ10 ዓመቱን ቁልቁለት ብቻውን ሊያስረዳልኝ አልቻለም። ሕጉም ቀድሞ አልደረሰም፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም.፣ ቁልቁለቱ ከተመዘገበ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ጎንደር አጠገብ መገጭ ላይ ለዓመታት ሲገነባ የቆየው ግድብ አለ፤ የታሰበውም ለደንቢያ መስኖና ለከተማዋ ውሃ ነው። ማጥመጃ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ግንቡን ተሻግሮ ሽቅብ የሚወጣ ነጭ ዓሣም የለም።